«ፈርሙ» እንጂ «ምን ትላላችሁ?» የለም

በሀገራችን የሆስፒታል በር አልፎ የገባ ታካሚና አስታማሚ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ገንዘብና ፊርማ። «ስምህ ማን ነው? ዕድሜህ ስንት ነው? የቱ ጋ ያምሃል?» የሚለውን አልቈጠርኩትም፤ እሱን ካርድ ክፍልም ይጠይቃል። «ይህኛው መንገድ ይህን ያስከፍልሃል፣ ያኛው ያንን፤ የቱ ይሻልሃል? ከዚህ ሕመም ጋር እንዴት ለመኖር ታስባለህ?» ተብዬ ዐውቃለሁ የሚል አንባቢ ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ይጻፍልኝ፤ በዚሁ ገጽ ላይ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እስከዚያው ግን የምለውን እላለሁ። የምለውም ከመጽሐፍ ተነሥቼ ሳይሆን ካለብኝ ዕዳ ተነሥቼ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ነው። አዳዳ ብዬ የምጠራት የአባቴ እህት ከጉደር ወደ ውስጥ ገባ ባለች የገጠር ቀበሌ ትኖር ነበር። ስኳር እንዳለባት ከተነገራት አራት ዓመት ገደማ ሆኗታል። «ተነገራት» ማለቴ ራሱ ስሕተት ነው። የተነገረው ለልጇ ነበር፤ ልጇም «ጣፋጭ አትብዪ ብለዋል» አላት። ጣፋጭ ድሮስ ከየት ታገኛለች? የታዘዘላትን ክኒን ጥቂት ወራት ወስዳ ሲሻላት ተወችው፤ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መሆኑን አልሰማችምና። ስኳር የእግርን ስሜት እንደሚያደነዝዝም ማንም አልነገራትም። በክረምቱ ብርድ እንደ ልማዷ እግሯን ወደ ምድጃው ዘርግታ ስትሞቅ ውስጥ እግሯ ተቃጠለ። አልተሰማትም። ቁስሉን ያየችው በማግሥቱ ነው፤ ቅቤ ቀብታ በጨርቅ አሰረችው። እኛ አዲስ አበባ ሆነን ስንሰማ ሁለት ጣቶቿ ጠቁረው ነበር።

የእድሩ ሰዎች በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ አወጧት። ከዚያ በሚኒባስ ከምዕራብ ሸዋ ሆስፒታሎች ወደ አንዱ አደረስናት። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ በየትኛውም ሊሆን ይችል የነበረ ነገር ነውና። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ሌሊቱን ሲሠራ ማደሩን ዐይኑ ይናገራል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጽሑፌ ሐኪም ለመስደብ የተጻፈ እንዳይመስል ነው። ከአልጋዋ እግርጌ ቆሞ ለእኔ፣ በአማርኛ፣ «ጋንግሪን ገብቷል፤ ከጉልበት በታች መቈረጥ አለበት፤ ነገ ጠዋት እናስገባታለን፤ ፈርሙ» አለኝ። የአዳዳ አማርኛ ከሰላምታ አያልፍም። ዐይኖቿ ከእሱ አፍ ወደ እኔ አፍ ይመላለሳሉ።

«ማል ጄዼ?» አለችኝ። ምን አለ?

«ቁስሉን ነገ ያጥቡልሻል» አልኳት።

ዕዳዬ ይህ ነው። የሐኪሙን ቃል የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ ቋንቋዋ፣ በገዛ አፌ። ልጇ ከጐኔ ቆሞ ሰማ፤ አላረመኝም። ሐኪሙ ኦሮምኛ ስለማይችል ያልኩትን አላወቀም፤ «ምን ብለህ ነገርካት?» ብሎም አልጠየቀም። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እስከ ታች አላነበብኩትም። ልጇ ፈረመ። ስድስት ልጅ አሳድጋ የዳረች ሴት፣ አእምሮዋ ንጹሕ ሆኖ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተኝታ ሳለ፣ ስለ እግሯ ሌላ ሰው ፈረመ።

በማግሥቱ ከማደንዘዣው ስትነቃ ብርድ ልብሱን ገልጣ አየች። አልጮኸችም። ሁለት ቀን ሙሉ ከማናችንም ጋር አልተነጋገረችም። በሦስተኛው ቀን ጠራችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ኢልማ ኮ፣ እግሬን የት ቀበራችሁት?»

አላወቅሁም። በእኛ ወግ የተቈረጠ አካል ለባለቤቱ ተሰጥቶ በአፈር ይከደናል። «ትወስዳላችሁ ወይ?» ያለን ሰው አልነበረም፤ እኛም ለመጠየቅ አላሰብንም። እስከ ዛሬም አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረች። በእግሯ መቈረጥ አላማረረችም፤ «ባይቈረጥ ሞቼ ነበር፤ ደግ አደረጉ» ትል ነበር። ይቅር ያላለችኝ ሌላውን ነው። «ብትነግረኝ እምቢ የምል መስሎህ ነው? ሁለት ቀን ስጡኝ እል ነበር። ላሟን ማን እንደሚያልባት እናገር ነበር። እግሬንም አጥቤ እሰጣቸው ነበር» አለችኝ አንድ ቀን፣ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቅን። ሐኪም ለሆነ አንባቢ ሁለት ቀን ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ቁስሉ እስከዚያ ላይታገሥ ይችል ነበር። ይሁንና ያንንም ነግሯት «እስከ ነገ ጠዋት ብቻ» ሊላት ይቻል ነበር። እርሷም አንድ ሌሊት ይኖራት ነበር።

«ሕጉስ ምን ይላል?» የሚል አይጠፋም። ሕጉማ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 20፣ ማንም ሰው ለሕክምና ምርመራም ሆነ ለቀዶ ሕክምና በማናቸውም ጊዜ «አልፈቅድም» ማለት እንደሚችል ደንግጓል። አልፈቅድም ለማለት ደግሞ አስቀድሞ ምን ሊደረግብኝ ነው የሚለውን ማወቅ ያሻል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2006 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ቁጥር 299ም ታካሚው ተነግሮት መስማማት እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ የጐደለን ሕግ አይደለም።

የሆነው ሌላ ነው። ፊርማው የታሰበው ታካሚውን ለመጠበቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ተገልብጦ ሆስፒታሉን ከታካሚው የሚጠብቅ ዘበኛ ሆኗል። ወረቀቱ «ተነግሮኛል፤ ገብቶኛል፤ ተስማምቻለሁ» ይላል፤ በእንግሊዝኛ። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ፊደል ያልቈጠረ ሰው፣ በማያውቀው ቋንቋ ከተጻፈ ቃል ሥር፣ ገብቶኛል ብሎ በጣቱ ይመሰክራል። በመሬት ክርክር እንዲህ ያለ ሰነድ ቢቀርብ ዳኛው አስቂኝ ነው ብሎ ይጥለው ነበር። በሰው እግርና በሰው ማሕፀን ላይ ሲሆን ግን ፋይል ውስጥ ይገባል።

የቋንቋውን ነገር ሳነሣ ፖለቲካ ሊያወራ ነው ብላችሁ እንዳትፈሩ። ከካቺሲ፣ ከጌዶ፣ ከጎጆ፣ ከባኮ ታምሞ አምቦ የሚደርሰው ገበሬ አብዛኛው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ከሐኪሞቹ ብዙዎቹ ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ የማይናገሩም አሉ። የማይናገረው ሲመጣ አስተርጓሚ ሆና የምትጠራው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ እርሷ ከሌለች የታካሚው ልጅ። እናት ስለ ማሕፀኗ ደም በአሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጇ አፍ ትናገራለች ማለት ነው። ምን ያህሉን ትናገር ይሆን? የሚናገረውም ቢሆን እንግሊዝኛ የተማረውን ነገር በኦሮምኛ አልተማረውምና «ጋንግሪን ገብቷል» ይላል። ከዚያም ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው ወረቀት፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ የሚያስተላልፈው ሪፈር፣ የመድኃኒቱ ትእዛዝ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። በሬ ተሸጦ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑ ተጠይቆ፣ ያንን ወረቀት በጉያው ይዞ አዲስ አበባ ድረስ የሚጓዘው ሰው ወረቀቱ ስለ እርሱ የሚለውን አንዲት ቃል አያውቅም። ደብዳቤው ስለ እርሱ ነው፤ ተሸካሚው እርሱ ነው፤ አንባቢው ግን ሌላ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን፣ ወደ አስታማሚዎቹ እንመለስ። ሆስፒታሉን ብቻ ወቅሼ ብወጣ የአዳዳ ዐይን ያየኛል። «ለእሱ እንዳትነግሩት» የምንለው እኛ ነን። በካንሰር ክፍል ኮሪደር የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐኪሙ ወንድም ወይም ልጅ መርጦ ወደ ጥግ ይስባል፤ ሹክ ይባላል፤ ዐይን ይጠረጋል፤ ከዚያ ፈገግ ተብሎ ወደ ታማሚው ይገባል። ታማሚውም አውቆ ያላወቀ ይመስላል። ሁሉም ተዋናይ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለን የምንተርተው በታማሚ ላይ ነው፤ ደባቂዎቹ ግን እኛ ሆነን ተገኘን። የምንደብቀው ስለምንወደው ነው እንላለን። እኔም አዳዳን እወዳት ነበር። ግን ልቤን ስመረምረው በዚያች ሰዓት የፈራሁት የእርሷን ድንጋጤ አልነበረም፤ ድንጋጤዋን የማይበትን የራሴን ዐይን ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ደግሞ ክፉ ወሬ መንገርን እንደ እኛ ሥርዓት ያበጀለት ሕዝብ ጥቂት መሆኑ ነው። መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ በገበያ አይነገርም፤ በውድቅት ሌሊት አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጐረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ከኋላ ተዘጋጅቶ፣ ሰውየው ተቀምጦ ይነገረዋል። ማንም ግን «ልቡ አይችልምና የአባቱን ሞት ጭራሽ አትንገሩት» አይልም፤ የሚደረገው አነጋገሩን ማሳመር ነው። ለሞተ ሰው ዜና ይህን ሁሉ የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ገና በሕይወት ላለ ሰው የገዛ ሕመሙን ዜና ሲሆን ጥበቡን ከየት ጣልነው? አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሦስት ወንበር፣ ታማሚው የመረጣቸው ሁለት ዘመዶች፣ ሐኪሙና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው። ለዚህ ብድር አያስፈልግም፤ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያም የለበትም። ቤተሰቡ ይኑር፤ ያለ ቤተሰብ የሚታከም ሰው በሀገራችን የለም፤ የሚከፍለው፣ የሚያጥበው፣ የሚያጐርሰው እሱ ነው። ይኑር እንጂ በታማሚው ቦታ አይኑር።

«የምትለው ሁሉ ደግ ነው፤ ግን ሕዝቡ ያልተማረ ነው፤ ቢነገረውስ ምን ይገባዋል?» የሚሉኝ ሐኪሞች ብቻ አይደሉም፤ ክራቫት ያሰሩ ወዳጆቼም ናቸው። ይህን አስተያየት ስሰማ ማሚቱ ጋሼ ትዝ ትለኛለች። ማሚቱ በወሊድ ምክንያት በፊስቱላ ተጐድታ አዲስ አበባ የመጣች፣ ፊደል ያልቈጠረች የገጠር ልጅ ነበረች። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አከሟት፤ ከዚያ አልጋ እያነጠፈች፣ መሣሪያ እያቀበለች፣ እያየች ቆየች፤ በመጨረሻም ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የምታደርግ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሐምሊኖቹ ጋር የወርቅ ሜዳልያ ሸለማት። ሁሉም ታካሚ ማሚቱ ይሁን አላልኩም። ቢላውን ጨብጣ ሌላውን ማዳን የቻለች «ያልተማረች» ሴት ካለች፣ የገዛ እግሯን ጉዳይ ተነግሯት የማይገባት ሴት የለችም ለማለት ነው።

ያልተማረ የምንለውን ሰው ደግሞ በእድሩ እንየው። በጊንጪም ሆነ በጉደር፣ በአንዲት መንደር እድር መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ ሰብሳቢ አለ፤ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቈጣጣሪ አለ። ሰብሳቢው በምርጫ ይወጣል፤ ካጠፋ በምርጫ ይወርዳል። የድንኳኑ፣ የወንበሩ፣ የድስቱ ቍጥር በመዝገብ ነው። ለቀብር ያልወጣ ይቀጣል፤ ባለ ሥልጣንም ይሁን ይቀጣል። ሒሳቡ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ አምስት ብር ቢጐድል ስብሰባው እስኪመሽ አይበተንም። እንግዲህ ይህን ማኅበር ያለ አንድ አማካሪ ድርጅት ለብዙ አሠርት ዓመታት ያቆመ ሰው ነው «የሆስፒታል ጉዳይ ይከብደዋል» የሚባለው። ሬሳውን ለመቅበር ብቁ ነው፤ ሬሳ እንዳይሆን ለመመካከር ግን ብቁ አይደለም!

ከታካሚው አልጋ ወደ ፖሊሲው ጠረጴዛ ብንሄድ የምናገኘው ያንኑ «ፈርሙ» ነው፤ ስሙ ብቻ ተቀይሮ «የሕዝብ ተሳትፎ» ተብሏል። ይህች ቃል በሀገራችን ምን እንደደረሰባት አንባቢ ያስተውል። «ሕዝቡ በጤና ጣቢያው ግንባታ ተሳትፏል» ሲባል ድንጋይ አቅርቧል ማለት ነው። «በመድኑ ተሳትፏል» ሲባል መዋጮ ከፍሏል ማለት ነው። «በውይይቱ በንቃት ተሳትፏል» ሲባል ተቀምጦ ሰምቶ አጨብጭቧል ማለት ነው። መወሰን የሚባለው ከቃሉ ውስጥ ተፍቋል።

የተጻፈው ግን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1978 አልማ አታ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ሰዎች በጤና አገልግሎታቸው ዕቅድና አፈጻጸም ውስጥ በግልም በጋራም መሳተፍ መብታቸውም ግዴታቸውም ነው ብለው ተስማምተዋል። የእኛው የሽግግር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የጤና ፖሊሲ ደግሞ የጤናውን ሥርዓት ዲሞክራሲያዊ ማድረግንና ሥልጣንን ወደ ታች ማውረድን ቀዳሚ መርሑ አድርጎ፣ በየደረጃው ጠንካራ የሕዝብ ውክልና ያላቸው የጤና ምክር ቤቶች እንደሚቋቋሙ፣ እነርሱም ችግሩን በመለየት፣ በበጀቱ፣ በዕቅዱ፣ በቍጥጥሩና በግምገማው እንደሚካፈሉ በግልጽ ቃል ገብቶ ነበር። በበጀቱም ጭምር! ከ30 ዓመት በላይ አለፈ። አምቦ ላይ ሰው አስቁማችሁ «የጤና ምክር ቤታችሁ ተወካይ ማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የማዕድን ውሃ ፋብሪካውን መንገድ የጠየቃችሁት ይመስለዋል።

ይህ የሕልም እንጀራ አይደለም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ በየማዘጋጃ ቤቱ የጤና ምክር ቤት አቋቁማለች። ግማሹ ወንበር የተገልጋዩ ነው፤ ቀሪውን ግማሽ የጤና ሠራተኛው፣ መንግሥትና አገልግሎት ሰጪው ይካፈሉታል። ምክር ቤት የሌለው ማዘጋጃ ቤት ከፌዴራሉ የጤና ገንዘብ አይደርሰውም። እዚያም ቢሆን ከንቲባው የራሱን ሰዎች የሚሰገስግበት ቦታ አልጠፋም፤ ነገሩን ገነት አድርጌ ልሸጥላችሁ አልፈልግም። ቢሆንም የብራዚል ገበሬ ሲቀማ ምን እንደተቀማ ያውቃል፤ ወንበሩ በሕግ የእሱ ነበርና።

በእኛስ? የሆስፒታል ቦርድ አለ። ለኅብረተሰቡ ተወካይም ወንበር አለ። ተወካዩን ማን መረጠው? የት ቆሞ ሪፖርት ያደርጋል? ከየሆስፒታሉ በር ወጥታችሁ የመጀመሪያዎቹን ሃያ አስታማሚዎች ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ኋላ በመላ ሀገሪቱ የተስፋፋው፣ በወረቀት የአባላቱ ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤ አለው። ከእነዚህ ስብሰባዎች በአንዱ፣ በዞኑ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ዘመድ ተከትዬ ተቀምጬ ነበር። መዋጮው ከፍ ማለቱ ተነገረ፤ ተነገረ ነው የምለው፤ አልተጠየቀም። አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች እናት ተነሥተው «መድኃኒት የለም ተብለን ከውጭ የገዛንበትን ደረሰኝ ለማን እናሳይ?» አሉ። መድረክ መሪው «ጥያቄዎ ተመዝግቧል፤ ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን» አላቸው። እናትየው ጥቂት ቆመው ጠበቁ። ሌላ ቃል እንደማይመጣ ሲያውቁ ተቀመጡ። ተሳተፉ ማለት ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ከዚህ ወቀሳ አውጥቼ ላስቀምጣቸው እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶች በየቀበሌው ተሰማርተው ያደረጉትን የካደ ዐይኑ አያይም። ነገር ግን ከላይ ወደ ታች መልእክት እንዲያደርሱ እንጂ ከታች ወደ ላይ እንዲያመጡ አልተላኩም። ቦርሳቸው ወደ ቤታችን ሲመጣ ሙሉ ነው፤ ሲመለስ ባዶ ነው። ጐረቤቴ የሆነች ብታነበኝ አትቀየመኝ፤ ጥፋቱ የቦርሳው አሰፋፍ ነው።

ታካሚ ራሱ ገፍቶ የገባበት ቦታ ምን እንደሆነ ደግሞ አይተናል። ኤድስ የሚባለው ስም በሹክሹክታ በሚጠራበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ መቅድምና የተስፋ ጎህ የሚባሉ ማኅበራትን ያቋቋሙት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ናቸው። ፊታቸውን ገልጠው ወጡ። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር በየጤና ተቋሙ ተቀምጠው አዲስ ታካሚን «ክኒኑን እንዲህ ነው የምትውጠው፤ እኔም እንዲሁ ነው» ያሉት ከእነርሱው ወገን የወጡ ናቸው። አዳዳ ስለ ስኳር እንዲህ የሚላት አንድ ሰው ቢኖራት ኖሮ ከምድጃው ትርቅ ነበር። ዘሚ የኑስን ደግሞ እናስታውስ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፈችው፤ ልጇ ኦቲዝም ስላለበት የደረሰችበትን በር ሁሉ አንኳኩታ ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው በደም ካንሰር ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን ካጡ በኋላ በስሙ የካንሰር ሶሳይቲ አቋቋሙ፤ በ2011 ዓ.ም. የትንባሆ ቍጥጥሩን ያጠበቀው አዋጅ ቁጥር 1112 እንዲወጣ ከወተወቱት መካከልም ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ማንም «ኑና ተሳተፉ» ብሎ አልጠራቸውም። ከሐዘናቸው ተነሥተው በሩን ሰብረው ነው የገቡት። ለመሆኑ ልጅ ያልቀበረ ሰው ወደዚያ ክፍል የሚገባበት ሌላ በር የለም ወይ?

ሐኪሞቹም ቢሆኑ ከእኛ የተሻለ ተጠይቀው አያውቁም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው ሁኔታ ጮኸው ሥራ ሲያቆሙ አየን። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረውን ያንን ወጣት ያኔ አስታወስኩት። በዚያ ጠዋት ከአዳዳ ጋር አሥር ደቂቃ ለመቀመጥ ከኋላው ስንት አልጋ እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ለአሥር ደቂቃዋ ጊዜ የሚመድብ በጀት የሚወሰንበት ክፍል ውስጥ ግን እሱም የለም፤ እርሷም የለችም። ጊዜ የለም የሚለውን መልስ የማልቀበለውም ለዚሁ ነው። ያልተነገራት የስኳር ታማሚ ከአራት ዓመት በኋላ በቃሬዛ ስትመለስ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ደም፣ አልጋ፣ ሁለት ሳምንት ወሰደች። አሥሩ ደቂቃ በመጀመሪያው ቀን ይሰጣት ብንል ማን ይከስራል?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ታካሚ ከሆስፒታል ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት በሚያነበው ወይም ሊያነብለት በሚችል ሰው ቋንቋ፣ አምቦ ላይ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ይጻፍ። አስተርጓሚነት ደመወዝ ያለው የሥራ መደብ ይሁን፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ጥላ የምትሮጥበት ውለታ አይሁን። በሆስፒታሉ ቦርድ ያለውን የኅብረተሰብ ወንበር እድሮችና የመድኑ አባላት በምርጫ ይሙሉት፤ የተመረጠውም ሰው ስሙና ስልኩ በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ይለጠፍ፤ ሒሳቡንም እንደ እድር ሒሳብ በሕዝብ ፊት ያንብብ።

ስለዚያ የፊርማ ወረቀትም አንድ ነገር ልጨምር። ከፊርማው በላይ ሁለት ባዶ መስመር ይተውለት። በአንደኛው ላይ ታካሚዋ ራሷ «ነገ ምን ሊደረግልሽ ነው?» ተብላ ተጠይቃ የመለሰችው፣ በቃሏ፣ በቋንቋዋ ይጻፍ፤ «ቁስሌን ሊያጥቡልኝ ነው» ካለች ማንም አይፈርምም። ሁለተኛው መስመር የሚቈረጥ አካል ላለበት ሰው ነው፤ «ትወስዱታላችሁ ወይስ እኛ እንቅበረው? የት?» ይበል።